አርባ ትርፍ ዓመታት

የአንድ ሰው ሕይወት ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይመጣል? በወጣትነቴ ይህ ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲነሳ እንደ ጨዋታ እሰማው ነበር። ኋላ እንጀራዬ ሆነ። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚገኝ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት የየአገሩን የሕዝብ ቆጠራ እያገላበጥኩ፣ «ይህ ሰው እውነት መቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል ወይ?» እያልኩ መጠራጠር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥያቄው ግን አብሮኝ ጡረታ አልወጣም። ባለፈው ግንቦት አንዲት ሴት ቀብረን ከተመለስን ወዲህ ደግሞ የሚመጣብኝ እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ንዴት ነው።

ሴትየዋን ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል፤ ወይም የሚያውቃት ይመስለዋል። ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ሕዝቅያስ ባንታየሁ የሚባል ሰው ከአባቱ የወረሰው ምግብ ቤት አለው። በሩ ላይ የአንዲት ነጠላ የለበሰች አሮጊት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም «የመቶ ሃያ ሦስት ዓመት እናታችን ምርቃት ያለበት ምግብ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቁጥሯ በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ ቀን በአዲስ ቀለም ትለወጥ ነበር። እማማ ዕፀገነት ይሏታል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽሮዋን እየበላሁ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ስላት ኖሬያለሁ። ሙያዬ ዕድሜ መጠራጠር ሆኖ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠረጠርኳትም። ሰው ቢሮው ውስጥ የሚጠቀምበትን አእምሮ ምሳ ቤት ይዞት አይሄድም።

በ2015 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሕዝቅያስ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዘኝ።

«ጋሼ ዮፍታሄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የዓለም ክብረ ወሰን ለሚመዘግቡ ሰዎች ስለ እማማ ጽፌላቸው ነበር። የባለሙያ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። እርስዎ እያሉልኝ ሌላ ጋ ለምን እሄዳለሁ?»

«ወረቀቷን መጀመሪያ ልየው።»

«ወረቀት እኮ ሞልቷል! የስደተኛ መታወቂያዋ አለ፣ የአባቴ የቤተሰብ ዝርዝር አለ፣ ሁሉም ላይ 1900 ነው የሚለው። በጃንዋሪ መቶ ሃያ አራት ትደፍናለች። እስከ ዛሬ እንደዚህ የኖረ ሰው የለም ይላሉ። ለአገራችንም እኮ ስም ነው፣ ጋሼ።»

ለአገራችን ስም ነው ሲለኝ ደስ አለኝ ብል እውነት ነው። አልዋሽም።

ወረቀቶቹን ወሰድኩና ቤቴ ሆኜ አየኋቸው። የመጀመሪያው ነገር ወዲያው ታየኝ። የልደት ቀን ጃንዋሪ አንድ ይላል። ጃንዋሪ አንድ ቀን የተወለደ ስደተኛ ማለት ጸሐፊው ቀኑን ያልጠየቀው ሰው ማለት ነው። ዓመቱ ደግሞ 1900 ነው። 1900 በማን አቆጣጠር? በ1983 ከአገር የወጣ ሰው ይዞት የመጣው መታወቂያ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የናይሮቢው ጸሐፊ እንዳለ ገልብጦት ከሆነ በአንድ የብዕር ጭረት ስምንት ዓመት ጨምሮላታል። ስለዚህ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ እማማ ዕፀገነት መቶ ሃያ ሦስት መሆኗ ቀርቶ መቶ አሥራ አምስት ሆነች። እሱም ቢሆን ብዙ ነው። በሙያዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ እጅግ የረዘመ ዕድሜ የሚገኘው አየሩ ጥሩ በሆነበት ሳይሆን መዝገቡ ጥሩ ባልሆነበት አገር መሆኑን ነው። ቀሪውን ከራሷ ለመስማት ወሰንኩ።

የሄድኩት ሰኞ ዕለት፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ምግብ ቤቱ በዓል ለማድረስ ይተራመስ ነበር፤ እሷ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍሏ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። መነጽሯን በክር አስራዋለች። ደብተሬን አወጣሁ። እንደ ልማዴ ዕድሜ አልጠየቅኩም፤ ዕድሜ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ሌላ ሰው ለተጠያቂው የነገረውን ቁጥር ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን ይበልጥሽ ነበር፣ እናትሽ ስትሞት ልጅ ወልደሽ ነበር ወይ፣ ያ ጦርነት ሲሆን ምን ትሠሪ ነበር።

«እማማ፣ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የት ነበሩ?» አልኳት። የ1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ማለቴ ነው።

«አዲስ አበባ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ።»

«ያስታውሱታል?»

«እንዴት አላስታውሰው! ማጀት ተሸሽጌ ሁለት ቀን አለቀስኩ።»

«ተኩሱ አስፈርቶዎት?»

«የምን ተኩስ! የቤቱ ሾፌር ለጥር ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። በግርግሩ ወጥቶ ቀረ። ሞተ እንዳልል ኋላ ናዝሬት ሚስት አግብቶ አገኘሁት፣ የማይረባ!»

ሳቀች። እኔ ግን ብዕሬን አቆምኩ። በወረቀቷ መሠረት ያን ጊዜ ስድሳ ዓመቷ ነበር። ስድሳ ዓመት ለሆናት የቤት ሠራተኛ ሽማግሌ የሚልክ ሾፌር አይታየኝም።

«እማማ...» ብዬ ስጀምር ሽንኩርቱን አስቀመጠችና ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንተ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሰባ ስምንት።»

«ታዲያ እኅትህን እማማ ስትል አታፍርም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠራኸኝ ቁጥር ወገቤን ያመኝ ነበር።»

ከዚያ በሩን እንድዘጋው ነገረችኝ። ከዘጋሁት በኋላ ያለችው ይህ ነው፦ «ስሜ ውባንቺ ነው። ዛሬ ልደቴ ነው።»

ቀኑ ጳጉሜ ስድስት ነበር። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማለቂያ ላይ ነው። እናቷ «ያቺ ትርፍ ቀን ባትኖር ኖሮ የእንቁጣጣሽ ልጅ ትሆኚ ነበር» እያለች አሳድጋታለች። የተወለደችው ደብረ ሲና አጠገብ ነው። አባቷ ጣሊያን በሚያሠራው መንገድ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ አለቃው ፈቃድ ከልክሎት ልጁን ያያት በሦስተኛው ቀን ነው። ክርስትና የተነሳችው በወርኃዊው ገብርኤል ቀን ነው፤ ወለተ ገብርኤል የተባለችውም በዚያ ነው።

ይህን ስትነግረኝ ደብተሬ ጥግ ላይ ቀኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ አልገጠመኝም። ጣሊያን አገር ውስጥ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ጳጉሜ ስድስት የነበራት አንዲት ዓመት ብቻ ናት፤ 1931። ከዚያች ቀን ተነስተህ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳበትን ሰማንያኛውን ቀን ብትቆጥር ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ላይ ያርፋል፤ ገብርኤል ነው። ወረቀት የላትም፣ ምስክር የላትም፣ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን የእናቷን ቃል እንደ ደህና መዝገብ ጠብቃ ይዛዋለች። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት የዚያን ዕለት ልክ ሰማንያ አራት ዓመት ሞላት። ከእኔ የምትበልጠው በስድስት ዓመት ነው።

«ሃያ አንድ ልደት ብቻ ነው ያየሁት» አለችኝ። «ከሐሊና ብዙም አልበልጥም።» ሐሊና የሕዝቅያስ ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ታዲያ ዕፀገነት ማን ናት?»

«ያቤሎ አጠገብ፣ መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር ናት። እኔ ነኝ የገነዝኳት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝቅያስ አባት አቶ ባንታየሁ በደርግ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ግንቦት 1983 ላይ ሚስታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አሮጊት እናታቸውን ወይዘሮ ዕፀገነትን ጭነው በሞያሌ በኩል ሸሹ። ውባንቺ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ አሮጊቷን እንድትደግፍ ይዘዋት ወጡ። ባሏ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል። ሚዛን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን «በወር በሁለት ወር እልክብሻለሁ» ብላ ደብረ ሲና እኅቷ ዘንድ ትታት ነው የመጣችው። አሮጊቷ በመንገድ ሞቱ። ናይሮቢ ደርሰው ስደተኛ የሚመዘገብበት ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ግን ባንታየሁ እጅ ላይ ያለው ዝርዝር ስድስት ሰው ነው የሚለው፤ የእናታቸውም መታወቂያ ኪሳቸው ውስጥ ነው። በዝርዝሩ ላይ ለሠራተኛ የሚሆን መስመር የለም።

«ዝም ብለሽ እናቴ ነሽ በይ። ለጥቂት ወር ነው» አሏት።

የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ወር ሙሉ በጭነት መኪና ተንገላታ፣ ፀጉሯ በአቧራ ነጥቶ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቀረበች። ጸሐፊው ቀና ብሎ አላያትም። ባያት ኖሮ ሃምሳ አንድ ዓመት የሆናት ሴት የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ሆና አትወጣም ነበር። ሠላሳ ሁለቱ ዓመት የሟች ነው፤ ስምንቱ የጸሐፊው ነው። አርባ ዓመት በአንድ ጠዋት ጫኑባት።

እዚህ ላይ ሰዎች «ምን ጎዳት? በሕይወት ተረፈች አይደል?» ይሉኛል። ብለውኛልም። እኔም መልሴን እነሆ እጽፋለሁ። በሰው ላይ የሚጨመር ዓመት ከሰማይ አይወርድም፤ ከአንድ ቦታ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ዘጠና አንድ ዓመት ከሆነሽ ሥራ አትፈልጊም፤ ስለዚህ የሥራ ፈቃድ አይሰጥሽም። እናት ከሆንሽ ደመወዝ አትጠይቂም፤ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት በነፃ ታበስያለሽ። ስምዖን የሚባል አንድ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ለትዳር ቢያስብሽ ሰዉ ይስቅበታል። ይህን ሁሉ ቻለችው። አንዱን ግን አልቻለችውም።

በ1985 ሚዛን ብቻዋን በጭነት መኪና ናይሮቢ መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናትና ልጅ ባንታየሁን ይዘው ወደ መዝጋቢው ቢሮ ሄዱ፤ ልጂቷ በእናቷ ስም እንድትመዘገብ። ባለሥልጣኑ ወረቀቱን አየ፣ ሂሳቡን ሠራ፣ ከዚያ ሳቀ።

«ይህችን ልጅ የወለዱት በሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው ማለት ነው? ሣራ ናቸው እንዴ?»

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ባለሥልጣኑ ወደ ባንታየሁ ዞሮ «እርስዎ ልጃቸው አይደሉም? ይህች ልጅ እኅትዎ ናት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ባንታየሁ በእጃቸው ያለውን ዝርዝር አዩ። ውባንቺ ይህን ስትነግረኝ ነጭ ሽንኩርቱን በሁለት ጣቶቿ ጨፍልቃ ነበር።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አሉ።

ሚዛን በሳምንቱ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የተገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከእራት በፊት። ቤተሰቡ ፊት ሚዛን «የጎረቤት ልጅ» ሆና ቀረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ናይሮቢ መጥታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንግዳ ክፍል ውስጥ ተኝታ፣ ለእንግዳ የሚባለውን ተብላ ሄደች።

«እኔን ያቃጠለኝ» አለች ውባንቺ፣ «አሮጊት መባሌ አይደለም። አሮጊት እኮ ነኝ። ሚዛንን እንዳልወለድኳት አደረጉኝ።»

ከዚያ «እስቲ አንቺ በለኝ» አለችኝ። «አንቺ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።»

«እትዬ ውባንቺ፣ እንኳን ተወለድሽ» አልኳት።

ለሕዝቅያስ ሁለት ገጽ ጻፍኩለት። ዕድሜዋ ሰማንያ አራት መሆኑን፣ እንዴት እንዳወቅኩት፣ ወረቀቱ የማን እንደሆነ። ለሌላ ለማንም አላሳየሁም። ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። በ1983 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ እውነተኛዋ አያቱ ያቤሎ ስትቀበር አጠገቧ ቆሟል።

«እንግዲህ አውቀውታል፣ ጋሼ፣ እኔም አላወቅኩም አልልም» አለ። «ግን ይህ ዝርዝር ላይ ነው የሁላችንም ወረቀት የቆመው። የእኔ፣ የወንድሞቼ፣ የምግብ ቤቱ ፈቃድ፣ የሐሊና ትምህርት። እሷን ካስተካከልኩ ሁሉም ይመረመራል። ምን ላድርግ?»

ይህ እውነት ነው። ፍርሃቱን ተረዳሁለት። ያልተረዳሁት ሌላውን ነው።

«የፈራ ሰው ይደብቃል» አልኩት። «አንተ ግን ፎቶዋን በር ላይ ሰቅለህ ለዓለም ካልተናገርኩ አልክ። በየትኛው ፍርሃት ነው ይህ የሚሆነው?»

«ሰዉ ይወዳታል እኮ።»

«ማንን?»

ሁለቱን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደብዳቤውንም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

ጃንዋሪ አንድ ቀን ድግሱ ተደገሰ። የክብረ ወሰን መዝጋቢዎቹ በቂ ማስረጃ የለም ብለው መልሰውለት ነበር፤ ያ ግን ኬኩን አላስቀረውም። ከጊጊሪ መሥሪያ ቤቶች ሰዎች መጡ፣ ከኤምባሲዎች መጡ፣ ዌስትላንድስ ቢሮ ያላቸው ነጋዴዎች መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ በሙሉ መጣ። ኬኩ ላይ 124 ተጽፏል። እሷን ጥልፍ ቀሚስ አልብሰው እንደ ዕቃ መሐል አስቀመጧት። ሐሊና ስልኳን ደግና ትሯሯጣለች።

«ሾሾ፣ ፕሊዝ፣ ወደዚህ እዪ! ስማይል አድርጊ!» ሾሾ የናይሮቢ ልጆች አያታቸውን የሚጠሩበት ነው።

«ጥርስ የለኝ፣ ምን ላሳይልሽ?»

«ኖ፣ እንዲያውም እንደሱ ይበልጥ ኪዩት ነው!»

አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ጎንበስ ብላ የረጅም ዕድሜ ምሥጢሯን ጠየቀቻት። ሕዝቅያስ አስተረጎመላት። ውባንቺ እኔን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝና፣ ጮክ ብላ፣ «የሞተ ሰው ዓመት መውሰድ ነው» አለች።

ሐበሻው ሁሉ እንደ ጨዋታ ሳቀ። ሕዝቅያስም ሳይደናገጥ ለፈረንጅዋ «ተልባና ጸሎት ነው ትላለች» ብሎ ተረጎመላት። ፈረንጅዋ ተልባ የሚለውን ቃል በስልኳ ጻፈች።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ኬክ ተሰጠኝ፤ በላሁ።

ከሁዳዴ ጾም በኋላ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀቷን አየና በዚህ ዕድሜ ምንም ባይነካኩ ይሻላል ብሎ መለሳት። ሰማንያ አራት ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ያደርግላት ነበር ወይ? አላውቅም። ሰው ላይ የማይታወቅ ነገር አልጭንም። ግን ያን ወረቀት አይቶ እንደመለሳት አውቃለሁ።

ግንቦት አሥራ ስምንት፣ እሑድ ቀበርናት። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በእኛ ወግ ሬሳ ከመውጣቱ በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ ከማን ተወለደ፣ የት አደገ፣ ማንን ወለደ። ናይሮቢ ውስጥ ይህን ብዙ ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። የእሷንም ጽፌ ነበር፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ለሕዝቅያስ ከሦስት ቀን በፊት ሰጥቼዋለሁ። አንዱ ቅጂ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሕዝቅያስ ሌላ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «ወይዘሮ ዕፀገነት በ1900 ዓመተ ምሕረት ተወልደው፣ የአቶ ባንታየሁ እናት፣ የአምስት የልጅ ልጅ ልጆች ቅድመ አያት ሆነው፣ በመቶ ሃያ አራት ዓመታቸው...»

በዚያ ቀብር ላይ ሁለት የኢኮኖሚክስ ዶክተሮች ቆመው ነበር። የአየር መንገድ ኃላፊ ነበረ። የሂሳብ ሠራተኛ ብቻ አራት ቆጥሬያለሁ። ዘመኑ 2016 ነው። ከ2016 ላይ 1900 ቀንሶ መቶ አሥራ ስድስት የሚል አንድ ሰው ጠፋ! ውሸቱን እንኳ በደንብ ያልደመሩትን ውሸት እንባ እየጠረጉ ሰሙት። ሰው ሊያምን ሲፈልግ ጣቱን አይቆጥርም።

ሚዛን በሞያሌ አውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ ደርሳ ነበር። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከኋላ፣ ከሴቶቹ መቆሚያ ዳር፣ ከማያውቋት መሐል ቆማለች። የፊቱን ቦታ የሕዝቅያስ ሚስት ይዛዋለች። ሳጥኑ ሲነሳ ሚዛን «እናቴ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ደግፈው ያዟት፤ አንዷ ለሌላዋ የነገረቻትን ሰምቻለሁ፦

«ማናት?»

«የጎረቤት ልጅ ናት አሉ። እዪ እንዴት እንደምታለቅስ! ከወለደችው ልጅ በላይ አለቀሰች እኮ፣ ደግ ነገር ናት።»

የዚያን ቀን እውነተኛ ስሟን የጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። የንስሐ አባቷ ፍትሐት ሲያደርሱ «ወለተ ገብርኤል» አሉ። ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ስም ሊያስመስሉ አይችሉም። ለሰው ግን አስመሰልን።

አስመሰልን ነው የምለው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሦስት እርምጃ ተራምጄ ማንበብ እችል ነበር። «አሁን ቦታው አይደለም» አልኩ ለራሴ፤ ይህን ሐረግ ዕድሜ ልኬን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ይህንን ግን አልቆጠርኩትም። ስለ ሕዝቅያስ ስናደድ ሰዎች ይሰሙኛል። ስለ ራሴ የምናደደውን የሚሰማ የለም፤ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

በመስቀሏ ላይ ዕፀገነት፣ 1900 ተብሎ ተጽፏል። ያቤሎ ያለችው ዕፀገነት መስቀል የላትም፤ እዚህ ያለችው ውባንቺ ደግሞ ስም የላትም። ሁለት ሴቶች በአንድ መቃብር ጠፉ። የምግብ ቤቱ ፎቶ አሁንም በር ላይ አለ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ «በረከታቸው ከእኛ ጋር ነው» ተብሎ ተለውጧል። እኔ እሑድ ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሕዝቅያስ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሐሊና እግሯን ታሽላታለች፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ውባንቺ በትራስ ተደግፋ ሁላችንንም በየተራ አየችን። ሕዝቅያስን በጀርባዋ አዝላ ባታሳድገውም፣ ከሞያሌ እስከዚህ እጁን ይዛ ያመጣችው እሷ ናት። እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«አትፍራ፣ ልጄ» አለችው። «ለመንግሥት አልነግርም። ለፈረንጅ አልነግርም። ወረቀታችሁን አትንኩት፤ ልጆቼ ናችሁ፣ እንድትቸገሩ አልፈልግም። የምለምናችሁ ለቀባሪው እንዲነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ። ዮፍታሄ ይጻፈው፣ አንተ አንብበው።»

«እሺ፣ እማማ» አለ ሕዝቅያስ። ያለቅስ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ሐሊናም፣ በሩ ላይ የቆመችውም፣ ሁላችንም እሺ አልን።

«ቁጥሩ ካስፈራችሁ ተዉት፣ ስሜም ይቅር» አለች። «እዚያ መሐል ላይ ብቻ፣ ሚዛን ስትሰማው፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል በሉልኝ።»